ለሦስት ሰው ቡድን የሶፍትዌር ሥራ አመራር፦ ከመጀመሪያው ካርድ እስከ ርክክብ

ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላን፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎ የሚደውሉልኝ ልጆች ጥያቄያቸው አንድ ዓይነት ነው። «ሁለት ሦስት ሆነን ለአንድ ሱቅ ሲስተም ልንሠራ ተስማምተናል። ኮዱን እንችለዋለን። ሥራውን ግን እንዴት እንምራው? ስክረም ይሻላል ካንባን?» (ሁለቱም የቡድን ሥራን የመምሪያ መንገዶች ናቸው፤ ደረጃ 5 ላይ እመጣባቸዋለሁ።) በስልክ ቆራርጬ ከምነግራችሁ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ምሳሌዬ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ነው። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም፣ ሚስማር ይሸጣል። በአዲስ አበባ ዳር ዳር ግንባታ ስለሚበዛ እንዲህ ያለ ደንበኛ ይገጥማችኋል። ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው።

ከታች ያለው ሁሉ የሚያገለግለው ለአንድ ነገር ነው፦ ደንበኛው በየሁለት ሳምንቱ ራሱ ነክቶ የሚሞክረው ነገር እንዲያገኝ። እሱ ካልሞከረው ትክክል መሥራታችሁን የምታውቁበት መንገድ የለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነጭ ሰሌዳ። ካልተገኘ ትልቅ ካርቶን ይበቃል። ሁላችሁም የተለያየ ሰፈር ከሆናችሁ ትሬሎ ወይም እሱን የመሰለ የኢንተርኔት ሰሌዳ።
- ተለጣፊ ወረቀትና ማርከር
- አንድ ደብተር፣ ለስምምነቶች ብቻ
- ጊት (የኮዱን ለውጥ ሁሉ የሚመዘግብ ፕሮግራም)፣ ኮዱም በየቀኑ የሚላክበት ጊትሃብ ወይም ጊትላብ
- የኢትዮጵያንም የፈረንጁንም ቀን ጎን ለጎን የሚያሳይ የግድግዳ ካላንደር
- የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይሠራል።
- ለዋይፋይ ሳጥኑ የሚሆን መጠባበቂያ ባትሪ

1. የሚወስነውን ሰው ለዩ

ባለቤቱ አንድ ነገር ይላል። ልጁ ሌላ ይላል። ካሸሯ ደግሞ ሁለቱም የማያውቁትን ታውቃለች። ሁሉንም ስሙ፤ «ይህ ይቅደም፣ ያ ይቅር» የሚለው ግን አንድ ሰው ይሁን። ስሙን ደብተሩ ላይ ጻፉት፤ ለሁሉም ባሉበት ተናገሩ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሁለት ወሳኝ ካለ ሰኞ የሠራችሁትን ሐሙስ ታፈርሳላችሁ፤ ለማፍረሱም የሚከፍላችሁ የለም።

2. ሱቁ ውስጥ ግማሽ ቀን ተቀመጡ

ሰው ከሚበዛበት ቀን አንዱን ምረጡ። አትጠይቁ፤ እዩ። ማን ይገባል፣ ምን ይጻፋል፣ የት ይጻፋል? የዱቤ ደብተሩን አስፈቅዳችሁ ሁለት ሦስት ገጽ ፎቶ አንሱ። የባለዕዳዎቹን ስም ግን ሸፍኑ፤ የሰው ምስጢር ነው።

ይህን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል። ለምን እንደማይዘለል አንድ ነገር ብቻ ላሳያችሁ። ባለሱቁ «ሃምሳ ኩንታል ሲሚንቶ ገባ» ይላል። ካሸሯ ደግሞ ለመጣው ሰው «ስንት ከረጢት ልስጥህ?» ትላለች። ኩንታሉ 100 ኪሎ ነው፤ ከረጢቱ 50። ዋጋው የሚነገረው በኩንታል ነው፤ ተሸክመው የሚያወጡት ግን ከረጢት ነው። እናንተ «ብዛት» የሚል አንድ ሳጥን ብቻ ካስቀመጣችሁ አንዱ 50 ብሎ ያስገባል፣ ሌላዋ 50 ብላ ታስወጣለች። ሲስተሙ ባዶ ነው ይላል፤ መጋዘኑ ውስጥ ግን ግማሹ አለ።

ፌሮም እንደዚሁ ነው። 12 ሚሊው በበርጋ፣ ማለትም በሙሉ ዘንግ፣ ይሸጣል። በርጋው 12 ሜትር ሲሆን ወደ 10.7 ኪሎ ይመዝናል። አቅራቢው በኪሎ ሒሳብ ከላከ አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይር ነገር ያስፈልጋችኋል። ሚስማር በኪሎ፣ ቀለም በጋሎን፣ ቆርቆሮ በቁጥር። ይህን ሁሉ ስብሰባ ላይ ማንም አይነግራችሁም። ለእነሱ የዘወትር ነገር ስለሆነ መነገር ያለበት አይመስላቸውም።

3. ሥራውን በካርድ ቆራርጡት

ካርድ የምለው አንድ ሥራ የተጻፈበትን ተለጣፊ ወረቀት ነው። አንድ ካርድ፣ አንድ ጥቅም። ማን፣ ምን፣ ለምን የሚሉትን ይያዝ። እንዲህ፦

«ካሸሯ ሲሚንቶ በዱቤ ስትሸጥ የገዢውን ስም፣ መጠኑንና የሚከፍልበትን ቀን ትመዘግባለች፤ ጋሼ ማታ ማን ስንት እንዳለበት እንዲያዩ።»

ከካርዱ ጀርባ ደግሞ «አለቀ» የሚባለው መቼ እንደሆነ ጻፉ፦

- በኩንታልም በከረጢትም ማስገባት ይቻላል፤ ክምችቱ በትክክል ይቀንሳል
- ከፊሉን ሲከፍል ቀሪው ራሱ ይሰላል
- ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይታያል
- መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ የተመዘገበው ሽያጭ አይጠፋም

የካርዱ ጀርባ ከፊቱ ይበልጣል። ያ ዝርዝር ከሌለ እናንተ «ጨርሰናል» ስትሉ ደንበኛው «ገና ነው» ይላል፤ ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው።

«ዳታቤዝ መሥራት» የሚል ካርድ አትጻፉ። ደንበኛው ዳታቤዝ አይሞክርም። ትንሽ ዳታቤዝ፣ ትንሽ ገጽ፣ ትንሽ ሒሳብ ያለው፣ ከላይ እስከ ታች የሚሠራ ቀጭን ቁራጭ ይሁን። ዱቤ መመዝገብ አንድ ካርድ ነው፤ የዱቤ ማስታወሻ በኤስኤምኤስ መላክ ሌላ ካርድ ነው። አንዱ ካርድ ከሦስት ቀን በላይ የሚወስድ ከመሰላችሁ ቁረጡት።

ቀንን በተመለከተ አንድ የአሠራር ምክር፦ ዳታቤዙ ውስጥ በፈረንጁ አቆጣጠር አስቀምጡ፤ ስታሳዩ ወደ ኢትዮጵያ ቀይሩ። ጳጉሜን አትርሱ፤ 5 ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ 6። «አንድ ወር ጨምር» የሚለው ስሌት ጳጉሜ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ከደንበኛው ጋር ተስማሙ።

4. ካርዶቹን ከወሳኙ ሰው ጋር ደርድሩ

ጠረጴዛው ላይ አራት ቦታ ክፈሉ፦ የግድ፣ ቢኖር የሚጠቅም፣ ጊዜ ከተረፈ፣ ለአሁኑ የለም። ካርዶቹን ለባለሱቁ ስጧቸውና ራሳቸው ያስቀምጡ።

ሁሉንም «የግድ» ላይ ይከምሩታል። ያኔ «ጋሼ፣ ሲስተሙ ነገ ሥራ ቢጀምር የትኛው ከሌለ ሱቁ ይቆማል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙው ካርድ ከዚያ ይነሳል።

«ለአሁኑ የለም» የሚለውን ክምር ደብተሩ ላይ ገልብጡና አስፈርሙ። በኋላ «ይኼም ነበረበት እኮ» ሲባል የምታሳዩት እሱን ነው። ከጠብ ያድናችኋል።

5. መንገዱን ምረጡ

ስክረም ወይስ ካንባን የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል። ከዚህ በፊት ማንሳቱ ጥቅም የለውም።

- ደንበኛው በየሁለት ሳምንቱ ሊያያችሁ ከቻለና ሥራው አዲስ ከሆነ፦ ስክረም። ሥራው ስፕሪንት በሚባሉ እኩል ዙሮች ይሄዳል። ዙሩ ከአንድ ወር አይበልጥም፤ ለእናንተ ሁለት ሳምንት ይበቃል።
- ሲስተሙ አልቆ ጥገናና ትንንሽ ጥያቄ ባልታሰበ ሰዓት የሚመጣ ከሆነ፦ ካንባን። ዙር የለውም፤ በአንድ ጊዜ የሚያዘው ሥራ ብዛት ግን ገደብ አለው።
- ጨረታ ከሆነና ዝርዝሩ ውሉ ላይ ታስሮ ከመጣ፦ ደረጃ በደረጃ የሚወርደው ዋተርፎል። ያም ሆኖ ውስጥ ውስጡን በየሁለት ሳምንቱ የሚሠራ ነገር እያሳያችሁ ሂዱ።

ለመደብሩ የምመክረው መጀመሪያ ስክረም፣ ከርክክብ በኋላ ካንባን ነው። የስክረምን ሁሉንም ስያሜና ስብሰባ መያዝ ለሦስት ሰው ከባድ ነው ብላችሁ አትፍሩ። የዙሩ ዕቅድ፣ የየቀኑ አጭር ውይይት፣ ያለቀውን ለደንበኛው የምታሳዩበት ማሳያ እና የዙሩ መዝጊያ፣ በቃ።

6. ግምቱን ከካላንደሩ ጋር አውጡ

እያንዳንዱን ካርድ «ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ» በሉት። ሦስታችሁም በአንድ ጊዜ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግለጡ። አንዱ «ትንሽ»፣ ሌላው «ትልቅ» ካለ ደስ ይበላችሁ፤ አንዳችሁ ያላያችሁት ነገር ተገኘ ማለት ነው። ተነጋገሩና እንደገና ገምቱ። ቀድሞ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ከተናገረ ሌሎቹ እሱን ይከተላሉ፤ ለዚህ ነው በወረቀት የሆነው።

ከዚያ የእውነት ያላችሁን ጊዜ ቁጠሩ። ሁለት ሳምንት ለሦስት ሰው በወረቀት 30 የሥራ ቀን ነው። ዙሩ ጥር 11ን ከያዘ ለጥምቀት ከተራውንም ጨምራችሁ ቀንሱ። መስቀልና ገና ቀናቸው ይታወቃል፤ ፋሲካና ኢድ በየዓመቱ ስለሚዛወሩ ካላንደሩን እዩ። መብራት የሚጠፋበትን፣ ደንበኛ ጋ የምትሄዱበትን፣ ባግ (የኮድ ስህተት) የምታስተካክሉበትን ቀንሱ። ከ30ው 20 ቢተርፋችሁ ለ20 ብቻ አቅዱ። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ግምት አያስፈልግም፤ ባለፈው ዙር ስንት ካርድ እንደጨረሳችሁ አይታችሁ ያንኑ ያህል ውሰዱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቀጠሮ ስትቀበሉ «በየትኛው አቆጣጠር?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰኔ 30 እና ጁን 30 አንድ አይደሉም። ጁን 30 ሰኔ 23 ነው፤ ሰባት ቀን ልዩነት አለው። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30 ስለሆነ «በበጀት ዓመቱ መጨረሻ» የሚላችሁ ሰው ጁላይ 7ን ማለቱ ነው። ሰዓትም እንደዚሁ፦ የሦስት ሰዓቱን ስብሰባ ስልካችሁ ላይ 9:00 ብላችሁ መያዛችሁን አረጋግጡ።

7. ክፍያውን ከማሳያው ጋር እሰሩት

ሥራ ሳይጀመር ቅድሚያ ክፍያ፣ ከዚያ ከእያንዳንዱ ማሳያ በኋላ የተወሰነ፣ ቀሪው በርክክብ። ሁሉንም መጨረሻ ላይ ከተዋችሁት ደንበኛው ለመጨረስ አይቸኩልም፤ እናንተ ደግሞ የታክሲና የዳታ ታጣላችሁ።

ውሉ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «አዲስ ጥያቄ ሲመጣ በካርድ ተጽፎ፣ ዋጋና ጊዜ ተቀምጦለት፣ በሚቀጥለው ዙር ይገባል።» ለውጥ መከልከል አይደለም። ለውጡ በር አንኳኩቶ ይግባ ነው።

8. ሰሌዳውን ስቀሉ

አራት ረድፍ፦ የሚሠራ፣ በሥራ ላይ፣ በሙከራ ላይ፣ ያለቀ። «በሥራ ላይ» የሚለው ውስጥ ከሦስት ካርድ በላይ አይግባ፤ ለአንድ ሰው አንድ። ሞልቶ ሳለ አንዱ እጁ ባዶ ከሆነ አዲስ አያንሳ። የተጣበቀውን ሰው ያግዝ፣ ወይም ሙከራ ላይ ያለውን ይፈትን።

ገደቡ የሚከብደው መጀመሪያ ላይ ነው። ስድስት ነገር ተጀምሮ አንድም ካላለቀ ግን በማሳያው ቀን የምታሳዩት የለም። ሁለት ያለቀ ካርድ ከስድስት የተጀመረ ይሻላል። ደንበኛው የተጀመረ ነገር ላይ ዱቤ አይመዘግብም።

ኮዱን የጻፈው ሰው ራሱ «ያለቀ» ውስጥ አያስገባ። ሌላው የካርዱን ጀርባ እያነበበ ይፈትነው።

9. በየቀኑ 15 ደቂቃ

ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። እያንዳንዱ ሦስት ነገር ይናገር፦ ከትናንት ወዲህ ምን አለቀ፣ ዛሬ ምን እይዛለሁ፣ ምን አስቸገረኝ። መፍትሔ መፈለግ ከተጀመረ አቁሙና የሚመለከታቸው ሁለቱ በኋላ ይቀጥሉ።

አንዱ ሰበታ፣ አንዷ ለገጣፎ፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ ከሆናችሁ በየቀኑ መገናኘት አይታሰብም። ከተማውን አቋርጦ መምጣት ብቻ ግማሽ ቀን ይበላል። በአካል በዙሩ መጀመሪያና መጨረሻ ተገናኙ። በመሃል ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሦስቱን ነገር ጻፉ። ድምፅ አትላኩ፤ በኋላ ተፈልጎ አይገኝም። መብራት ጠፍቶ ዝም ያለን ሰው ሰንፏል ከማለታችሁ በፊት ለዚህ ስምምነት አድርጉ፦ ኢንተርኔት የጠፋበት በኤስኤምኤስ «መብራት የለም፣ ካርድ 7 ላይ ነኝ» ይበል።

ማታ ማታ ያላለቀም ቢሆን ኮዱን ጊት ላይ በራሳችሁ ቅርንጫፍ (ብራንች) ላኩ። ላፕቶፑ ቢበላሽ የሚጠፋው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ይሆናል።

10. ማሳያውን ሱቁ ውስጥ አድርጉ

በእናንተ ላፕቶፕ ሳይሆን በእነሱ ኮምፒውተር። በተፈጠረ ዳታ ሳይሆን በእውነተኛ ዕቃ ዝርዝር። ካሸሯ ትንካው፣ እናንተ እጃችሁን ሰብስቡ። የት ላይ ቆም አለች? የቱን ፈልጋ አጣች? ጻፉ፤ አትከራከሩ፤ «እዚህ ጋ ተጫኚው» አትበሉ። የምትሳሳትበት ቦታ የሚቀጥለው ዙር ካርድ ነው።

መጨረሻ ላይ ካርዶቹን አንድ በአንድ ለወሳኙ ሰው አንብቡ፤ የተቀበሉትን ደብተሩ ላይ ይፈርሙ። ፊርማው የክፍያው ምክንያት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሱቁ የሚሠራበትን ዳታቤዝ ለሙከራ አትንኩ። ቅጂ አውጡና በሱ ላይ ሞክሩ።

11. ዙሩን ዝጉ

ሻይ እየጠጣችሁ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ምን ይቀጥል፣ ምን ይቁም? አንድ ነገር ብቻ መርጣችሁ በሚቀጥለው ዙር ለውጡ። አምስት ነገር ለመለወጥ ስትሞክሩ አንዱም አይለወጥም። ስለ ሰው አታውሩ፤ ስለ አሠራሩ አውሩ። «አንተ ዘገየህ» ሳይሆን «ሙከራው ለምን ዓርብ ላይ ተከመረ?»

12. ርክክብ

የይለፍ ቃሎቹን በጽሑፍ፣ በታሸገ ፖስታ ለባለቤቱ ስጡ። ዶሜንና ሰርቨር ካለ በእሳቸው ስም ይሁን። በአማርኛ አንድ ገጽ መመሪያ፣ ከስክሪን ፎቶ ጋር፣ ከካሽ ማሽኑ አጠገብ ይለጠፍ።

ባክአፑን (የዳታውን መጠባበቂያ ቅጂ) በተግባር መልሱት። «ባክአፕ አለ» ማለት በቂ አይደለም። ባዶ ኮምፒውተር ላይ ከባክአፑ ተነሥታችሁ የትናንቱን ሽያጭ እስክታዩ ድረስ ባክአፕ የላችሁም።

የዱቤ ደብተሩ ወዲያው አይቀር። ለአንድ ወር ሁለቱም ጎን ለጎን ይሂዱ፤ ማታ ማታ ድምሩ ይመሳከር። ልዩነት በመጣ ቁጥር አንድ የተደበቀ ነገር ታገኛላችሁ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

«ዘጠና በመቶ አልቋል» ማለት። ካርድ ወይ አልቋል ወይ አላለቀም። በመቶኛ መናገር ከጀመራችሁ ካርዱ ትልቅ ነበር ማለት ነው፤ ቁረጡት።

ሥራ ሲዘገይ ሰው መጨመር። አዲሱን ሰው የሚያስተምሩት እነዚያው የዘገዩት ናቸው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ይበልጥ ይዘገያል። መጀመሪያ ካርድ ቀንሱ።

ኮድ በፍላሽ መቀባበል። «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻው ፋይናል» የሚሉ ፎልደሮች ካሏችሁ ዛሬውኑ ጊት አስገቡ። የትኛው ሱቁ ላይ እንደተጫነ የማታውቁበት ቀን ይመጣል።

ትእዛዝ በስልክ መቀበል። ባለሱቁ ደውለው «አንዲት ነገር ብቻ ጨምሩልኝ» ይላሉ፤ ኮዱን የሚጽፈው ልጅ አፍሮ እሺ ይላል። ለቡድኑ ሳይነገር የገባ ሥራ ሰሌዳው ላይ ስለማይታይ ዙሩ ለምን እንደተጓተተ ማንም አይገባውም። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፦ «እሺ ጋሼ፣ ካርድ ላይ ጽፌዋለሁ፤ የቱን አውጥተን እሱን እናስገባ?» ብዙ ጊዜ «ተወው፣ ለሚቀጥለው ይሁን» ይላሉ።